የአሳማ መኖና መድኃኒት መከላከያ ሽፋን

የአሳማ መኖና መድኃኒት መከላከያ ሽፋን ለአሳማ በአፍ የሚሰጥ ንጥረ ምግብ ወይም መድኃኒት ከሚፈለግበት የአንጀት ክፍል ሳይደርስ እንዳይሟሟ የሚደረግለት ስስ ልባስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከጠንካራ የአትክልት ስብ፣ ከሰም ወይም በአሲድ ከማይሟሟ ፖሊመር ነው።

ጥቅሙ

ቡቲሪክ አሲድ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና የኃይል ምንጭ ነው። ሳይሸፈን ከመኖ ጋር ሲደባለቅ ግን አብዛኛው በጨጓራና በቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ተመጥጦ ያልቃል። (ሽታው ከባድ ስለሆነ ሽፋኑ መኖ ለሚያቀላቅሉ ሠራተኞችም እፎይታ ነው።) በጦስኝ ውስጥ የሚገኘው ታይሞልም እንዲሁ ቶሎ ይመጠጣል።

በአውሮፓ ኅብረት ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎችን ከተቅማጥ ለመጠበቅ በአንድ ኪሎ ግራም መኖ 2,500 ሚሊ ግራም ዚንክ ከዚንክ ኦክሳይድ ለ14 ቀናት ይሰጥ ነበር። ዚንኩ በፋንድያ በኩል አፈር ውስጥ ስለሚጠራቀምና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ስለሚያበዛ ይህ አሠራር በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ቆመ። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ዚንክ ኦክሳይድ በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል በሚል ተሞክሯል፤ የሙከራዎቹ ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ሽፋኑ የሚከፈትበት ቦታ

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። የስብ ሽፋንን የሚፈታው ከቆሽት የሚመነጨው ላይፔዝ የተባለ ኢንዛይም ከሐሞት ጋር ሆኖ ነው። ግልገሉ ጡት በጣለ ሰሞን የላይፔዝ መጠን ስለሚቀንስ፣ መድኃኒቱ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ሽፋኑ ሳይከፈት ከፋንድያ ጋር ሊወጣ ይችላል። የፖሊመር ሽፋን ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፒኤች 5.5 አካባቢ ሲደርስ እንዲሟሙ የተሠሩ ናቸው፤ የግልገል ጨጓራ ግን እንደ ትልቅ አሳማ አሲዳማ ስላልሆነ ከምግብ በኋላ እዚያው ሊከፈቱ ይችላሉ። ስለዚህ በትልቅ አሳማ ላይ የተገኘ ውጤት በቀጥታ ለግልገል አይሠራም።

መጠንም ለውጥ ያመጣል። የማይሟሟ ትልቅ ኪኒን በአሳማ ጨጓራ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ደቃቅ ቅንጣቶች ግን ከምግቡ ጋር ያልፋሉ። አሳማ ለሰው መድኃኒት መሞከሪያ ሲሆንም ይህ ይታሰብበታል። በፋብሪካ መኖው በእንፋሎት ሞቆ ወደ እንክብል ሲለወጥ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ስብ ሽፋንነቱን ያጣል።

ሽፋን የመድኃኒቱን የመመጠጥ ፍጥነት ስለሚለውጥ በሥጋ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜም ሊለውጥ ይችላል። በዚህም ምክንያት ለአንድ መድኃኒት ያልተሸፈነ ዓይነት የተወሰነው ከእርድ በፊት የመጠበቂያ ጊዜ ለተሸፈነው ዓይነት እንዳለ አይወሰድም።