አንድ ሉህ ለሁለት ሥራ፦ የወረቀት ቅርጻ ቅርጽንና ፖስተሩን አብሮ መንደፍ

በሥነ ጥበብ ትምህርት ለተማሪዎች ከሚሰጡ የፕሮጀክት ሥራዎች አንዱ ከወረቀት ቅርጻ ቅርጽ መሥራትና ሥራውን ለተመልካች የሚያስተዋውቅ ፖስተር ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ ተግባራት ብዙውን ጊዜ ተለያይተው ይታሰባሉ። ቅርጹ በብዙ ድካም ከተጠናቀቀ በኋላ ፖስተሩ በመጨረሻው ሰዓት ፎቶግራፍና ጽሑፍ ተደርድሮበት ይታተማል፤ ወይም ደግሞ ፖስተሩ ከመጀመሪያው ረቂቅ ሥዕል ተነሥቶ ቀድሞ ይወጣና ተመልካቹ በአዳራሹ የሚያገኘው ቅርጽ በቁመትም በመልክም ሌላ ይሆንበታል። በመጀመሪያው መንገድ ፖስተሩ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር አይኖረውም፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚናገረው እውነት አይሆንም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም ሥራዎች ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ቅርጹ ከመታጠፉ በፊት በሉህ ላይ ከሚነደፈው ዝርግ ንድፍ፣ ቢነሡ ችግሩ እንደሚቃለል የመሶብ ክዳንን በምሳሌነት ወስዶ ያብራራል።

የወረቀት ጠባይ

በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ወረቀትን የቅርጽ ማስተማሪያ በማድረግ ይታወቃል። በዚያ የመሰናዶ ኮርስ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ አልበርስ፣ ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ እንዳወሳው፣ ለክፍሉ አሮጌ ጋዜጦች አድሎ ከእነርሱ አንድ ነገር እንዲሠሩ አዘዘ፤ የሚቻል ከሆነም መቀስና ሙጫ እንዳይጠቀሙ አሳሰበ። ተመልሶ ሲመጣ ጀልባ፣ አውሮፕላን፣ የእንስሳት ምስልና ጭምብል ተሠርቶ አገኘ። እነዚህ ሁሉ በሌላ ቁስ የተሻለ ሊሠሩ ይችሉ ነበር ሲል ነቀፋቸው። ያመሰገነው ጋዜጣውን ወደ ርዝመቱ አጥፎ እንደ መጋረጃ ያቆመውን ተማሪ ነበር፤ ልፍስፍሱ ወረቀት በአንድ እጥፋት ብቻ ጠንክሮ በጠባብ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበርና።

ይህ ነቀፋ የመሶብ ክዳንን ከወረቀት ለመሥራት በሚያስብ ተማሪ ላይም ይደርሳል። እውነተኛው መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በአለላ አጊጦ የሚያምር ዕቃ ነው። ወረቀትን ቀለም ቀብቶ ስፌት ማስመሰል ከስፌቱ ያነሰ አምሳያ ከማውጣት አያልፍም። ሥራው ትርጉም የሚያገኘው መሶቡ ጥንካሬውን ከየት እንዳገኘ ሲጠየቅ ነው። ስፌቱ የሚጠነክረው ስንደዶው በክብ እየዞረ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተያያዘ በመሄዱ ነው። ወረቀት ደግሞ የሚጠነክረው ሲታጠፍ ነው። ስለዚህ የስፌቱን ቀለበቶች በክብ እጥፋት መተርጎም የመሶቡን አሠራር በወረቀት ቋንቋ መናገር ይሆናል።

ከዝርግ ሉህ ወደ ሾጣጣ

ወረቀት አይለጠጥም። ሳይቀደድና ሳይጨማደድ ወደ ሾጣጣ ወይም ወደ ቱቦ ቅርጽ ይጠቀለላል እንጂ እንደ ኳስ አይሞላም። የመሶብ ክዳን ሾጣጣ በመሆኑ ለዚህ ይመቻል። ንድፉ የሚወጣው በኤ1 ሉህ ላይ ነው፤ መጠኑ 59.4 በ84.1 ሴንቲ ሜትር ነው። በሉሁ ላይ ራዲየሱ 27 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይነደፋል። ከክቡ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 120 ዲግሪው፣ ይወጣል፤ 240 ዲግሪው ይቀራል። የተቆረጡት ሁለት ጠርዞች ሲገጣጠሙ የክዳኑ አፍ ራዲየስ የ27 ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱም በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ 20.1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለማጣበቂያ የሚሆነው 1.5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ከሚወጣው ክፍል ላይ ይተዋል።

እጥፋት የሚወስደው ቁመት

ቀለበቶቹ ከጠርዙ ወደ መሐል አንድ ሰፊ፣ አንድ ጠባብ እየሆኑ ይነደፋሉ። ሰፊው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ጠባቡ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አምስት ጥንድ ቀለበቶች 25 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ ጫፉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ሲታጠፍ ሰፊው ቀለበት ሽቅብ ይወጣል፤ ጠባቡ ቁልቁል ይመለሳል።

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁል የሚመለሰው እያንዳንዱ ቀለበት ቁመት ይቀንሳል። ከ27 ሴንቲ ሜትሩ 22ቱ ሽቅብ፣ 5ቱ ቁልቁል ስለሚሄዱ ለቁመት የሚቆጠረው 17 ብቻ ነው። ስለዚህ 20.1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል የተባለው ክዳን ወደ 12.7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የአፉ ስፋት ግን አይለወጥም። ውጤቱም ከታሰበው የጠፈጠፈ ክዳን ነው። ከእጥፋቱ በፊት በተሣለ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ፖስተር ተመልካቹን የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ረዘም ያለ ክዳን የሚፈለግ ከሆነ ጠባቡን ቀለበት ማጥበብ ወይም ከክቡ የሚወጣውን ክፍል መጨመር ያስፈልጋል፤ የሚወጣው ክፍል ሲጨምር ግን አፉ ይጠባል። ውሳኔው ሉሁ ከመቆረጡ በፊት በትንሽ ሞዴል መፈተን አለበት። ለዚህ የኤ3 ወረቀት ተስማሚ ነው። ርዝመቱም ወርዱም የኤ1 ልክ ግማሽ ስለሆነ እያንዳንዱን ልኬት ለሁለት ማካፈል ይበቃል።

የሉህ ምርጫና አያያዝ

ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ለሞዴሉ ይበቃል። ለዋናው ሥራ ግን 200 ግራም አካባቢ የሆነ ወረቀት ይመረጣል። የኤ1 ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር በመሆኑ አንዱ ሉህ 100 ግራም ብቻ ይመዝናል። ከዚህ በጣም የወፈረ ወረቀት ቢጠነክርም ክብ እጥፋትን በቀላሉ አይቀበልም።

በፋብሪካ የተሠራ ወረቀት ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። ከቃጫው ጋር የሚሄድ እጥፋት ጥርት ይላል፤ ቃጫውን የሚያቋርጥ እጥፋት ሊሰነጠቅ ይችላል። ክብ እጥፋት ሁሉንም አቅጣጫ ስለሚነካ ከዚህ ማምለጥ አይችልም። መፍትሔው መሥመሮቹን በኮምፓስና በደነዘ ጫፍ ቀድሞ መጫር ነው። ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚታጠፉት መሥመሮች ከሉሁ ተቃራኒ ገጾች ይጫራሉ፤ ለሁለቱም ገጾች መነሻ የሚሆነው ኮምፓሱ መሐል ላይ የበሳው ቀዳዳ ነው። እጥፋቶቹ ሾጣጣው ከመጣበቁ በፊት በጣት ቀስ በቀስ ይለሰልሳሉ። ውኃ ያለበት ሙጫ ወረቀቱን ስለሚያሳብጥ በስሱ ይቀባል፤ ወረቀት እርጥበት ስለሚስብም ሥራው በክረምት ወራት ደረቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ፖስተሩ

ዝርግ ንድፉ በዚህ ደረጃ ሲደርስ የፖስተሩ ዋና ምስል ተገኝቷል ማለት ነው፤ እርሱም ራሱ ንድፉ ነው። አንድ ሦስተኛው የጎደለ ክብ፣ በውስጡም የቀለበቶቹ መሥመሮች፣ ከሩቅ የሚታይና በቀላሉ የማይረሳ ቅርጽ ነው። በኦሪጋሚ ሥዕሎች እንደተለመደው ወደ ውስጥ የሚታጠፈው በቁርጥራጭ መሥመር፣ ወደ ውጭ የሚታጠፈው በቁርጥራጭና በነጥብ ቢለይ ምስሉ መመሪያም ይሆናል። በኤ3 ሲታተም ፖስተሩ ሊቆረጥና ሊታጠፍ የሚችል የግማሽ ልክ ሞዴል ነው። በዐውደ ርእዩ ላይ ፖስተሩን ያየ ሰው ቅርጹን ሲመለከት እንዴት እንደ ተሠራ በዓይኑ ይከተላል። ፎቶግራፍ ከተጨመረ ከአንድ ጎን በሚመጣ ብርሃን መነሣት አለበት፤ ነጭ ቀለበቶች ፊት ለፊት በሚወርድ ብርሃን ይጠፋሉ።

ለርእሱ የሚሆነው ስፍራም ከንድፉ ይገኛል፤ እርሱም ከክቡ የወጣው ሦስተኛ ክፍል ነው። የፊደል አመራረጥ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የላቲን ፊደል ርእስን በትልልቅ ሆሄያት ለይቶ ማውጣት ይችላል፤ የአማርኛ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው ርእሱ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረትና በዙሪያው በሚተው ባዶ ቦታ ነው። ውፍረቱም ልክ አለው። «መሶብ» በሚለው ቃል ሶ ከሳ የሚለየው በእግሩ ርዝመት ብቻ ነው፤ ብም ከበ የሚለየው በእግሩ ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። በጣም በወፈረ ፊደል እነዚህ ምልክቶች ከሩቅ ይዋጣሉ። ስለዚህ ርእሱ ለብቻው ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከ5 እና ከ10 ሜትር ርቀት ቃሉን በማያውቅ ሰው ቢነበብ ጥሩ ፈተና ይሆናል። ፊደሉ ከወረቀት ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ እንደ መ ያሉ ዝግ ቀለበት ያላቸው ፊደላት ውስጣቸው እንዳይወድቅ ማያያዣ ይተውላቸዋል።

ማጠቃለያ

የወረቀት ቅርጻ ቅርጽና ፖስተር ከአንድ ዝርግ ንድፍ ሲነሡ የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ይሆናል፤ በመጀመሪያ ንድፍና ስሌት፣ ቀጥሎ የግማሽ ልክ ሞዴል፣ ከዚያ ዋናው ቅርጽ፣ በመጨረሻም የተፈተነው ንድፍ የሚታተምበት ፖስተር። በዚህ መንገድ የሚጠቀመው ጊዜና ወረቀት የሚቆጥበው ተማሪ ብቻ አይደለም። ተመልካቹም ፖስተሩ የነገረውን ቅርጽ ያገኛል፤ ፖስተሩን ወደ ቤቱ ቢወስድም አጥፎ ክዳኑን በእጁ ሊሠራው ይችላል።