ፊርማ የሌለው እግድ

ባለፈው ክረምት በሰቆጣ ከአንዲት ሻይ ቤት ያገኘሁት፥ በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌ ተፈናቅሎ የመጣ አንድ መምህር፥ ስለ ስደቱ ያወጋኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ አንድ ቁልፍ አወጋኝ። ቀድሞ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት፥ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አንድ የብረት ቁም ሣጥን ነበረ፤ አንዳንድ መጻሕፍት ከመደርደሪያ እየተነሡ ወደዚያ ይገባሉ፤ ማን እንዳዘዘ የሚመሰክር ጽሑፍ ግን አይገኝም። «ወንድሜ፥ ደብዳቤ ቢመጣ እኮ አንብበን እንሟገትበት ነበር» አለኝ። «የሚመጣው ስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ፊርማ የለውም። ቁልፍ ያዡም የልጆች አባት ነው፤ ሳይታዘዝም ይቆልፋል።»

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉትን ሹም ብጠይቅ፥ በትሕትና ወንበር ከሰጡኝ በኋላ «ይህ የበላይ አካል ጉዳይ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም።

መጽሐፍን መቆለፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአድባራትና በገዳማት ብራናው በዕቃ ቤት ተዘግቶ ሲኖር፥ ጸሐፊው ከመጽሐፉ ፍጻሜ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውግዘት ያኖር ነበር፤ ውግዘቱም የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን ፊደሉን የፋቀውን ጭምር ይይዝ ስለ ነበር፥ ቁልፍ ያዡ ራሱ ከግዝቱ በታች ነበረ። ዛሬ በቁልፍ ያዡ ላይ የቆመ ግዝት የለም፤ እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተቋቁሞ መጻሕፍት ለሕዝብ ንባብ ከተከፈቱ በኋላም የሳንሱር መርማሪው እጅ አልታጠፈም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከኩራዝ አሳታሚ ወጥቶ ከየመጻሕፍት መደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በስውር እየተላለፈ ተነበበ። በዚያው ዘመን ከሞስኮ ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ተተርጉመው የመጡት የማርክስና የሌኒን ድርሳናት፥ ትናንት የግዴታ ንባብ የነበሩት፥ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የሱቅ ቅመም መጠቅለያ ሆኑ። ያን ጊዜ ማንም ደብዳቤ እንዳልጻፈ መምህሩም ያስታውሳል፦ «መንግሥት ሲለወጥ መደርደሪያው በአንድ ሌሊት ይራቆታል፤ ማን አራቆተው ብትል ግን ሰው አታገኝም።»

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሳንሱርን በማናቸውም መልኩ ከለከለ። እንግዲህ በሕግ የሞተው መርማሪ በስልክና በፍርሃት በሕይወት አለ ማለት ነው፤ አበርገሌን በመሰለ ወረዳ ደግሞ፥ ከመደርደሪያው የተነሣ አንድ መጽሐፍ ለተማሪው ከሌላ ስፍራ አይገኝለትም።

አበርገሌ የሚገኝበት የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤት በሰቆጣ ይሰበሰባል። በጦርነቱ የተጎዱት ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲደራጁ፥ ከመደርደሪያ የሚነሣ ማናቸውም መጽሐፍ አርእስቱ፥ ምክንያቱና ያዘዘው ሹም ስም ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንዲለጠፍ፥ አንባቢም ይግባኝ እንዲል ይደንግግ። ይህን ለመደንገግ የአዲስ አበባን ፈቃድ መጠበቅ አያሻውም፤ የምክር ቤቱ አባላት በሚቀጥለው ጉባኤያቸው አጀንዳ ያድርጉልን።