ለት/ቤት ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ደብተሩ ይታይ

ወላይታ ሶዶ፦ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ በአገሬው አነጋገር ዛሬም ገበሬ ማኅበር በሚባሉት ዘንድ፣ ወደ መሪዎች ጠረጴዛ መምጣቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከሕዝብ የተዋጣው ወይም በዕርዳታ የተገኘው ገንዘብ ለት/ቤቱ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ይግዛበት ወይስ ለሌላ ጉዳይ ይዋል የሚለው ነው። መሪው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። ስለ ኮምፒዩተር ሲነሣ ግን «የተማሩት ያውቃሉ» ብሎ እጁን ማውጣት ይቀናዋል። ጉዳዩ ግን እርሱም ሊመዝነው የሚችለው ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አማካይነት ወደ 5,000 የሚጠጉ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በአዲስ አበባና በገጠር ላሉ ጥቂት ት/ቤቶች ታድለው ነበር። የኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር የደረሳቸውን ልጆች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ የደረሳቸው ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በየዓይነቱ በመመደብ ተሽለው መገኘታቸውን ገልጸዋል። ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ሆኖም ልጆቹ በትምህርት ሰዓት ኮምፒዩተሩን መጫወቻ ስላደረጉት አስተማሪዎች መቸገራቸውም በወቅቱ ተነግሯል።

በሰፊው የተፈተነው በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት 319 የገጠር ት/ቤቶችን ይዞ፣ ኮምፒዩተሩ ከገባ ከ15 ወራት በኋላ የተማሪዎቹን ዕውቀት መዝኗል። በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ልዩነት አልተገኘም። የማሰብ ችሎታን በሚለካው ፈተና ግን እንደ እኛው አገር መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። እንግዲህ ልጁ መሣሪያውን ሲነካካ አእምሮው ሊነቃቃ ይችላል፤ ማንበብና መጻፍ ግን ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ አይወጣም።

በወላይታ ደግሞ የጽሕፈት ነገር ከሌላው አገር ይከብዳል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ወላይትኛ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ነው። በዚያ ዘመቻ በቋንቋው ማንበብ የተማረ አዛውንት ዛሬ የልጅ ልጁን ደብተር ቢገልጥ፣ ቃሉን ሲነበብለት ይሰማዋል እንጂ ራሱ ሊያነበው አይችልም። ልጁም ወላይትኛውን በላቲን፣ አማርኛውን በፊደል፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ መልሶ በላቲን፣ ግን በሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት መጻፍ አለበት።

ላፕቶፑ ከዚህ መካከል ሲገባ ምን ይሆናል? እንደ ልማዱ የሚያውቀው እንግሊዝኛን ነው። ወላይትኛ ድምፁ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደል እየደጋገመ ይጻፋል፤ መሣሪያው ይህን ስህተት ነው ብሎ በቀይ ያሰምርበታል፤ አንዳንዴም ሳይጠየቅ ወደ እንግሊዝኛ ቃል ይለውጠዋል። ልጁ በትክክል ጽፎ ሳለ የተሳሳተ ይመስለዋል። ይህን የሚያስቀር ማስተካከያ አለ፤ ግን አስተካክሎ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ለአማርኛውም የፊደል መጻፊያው መጫኑን ከግዢ በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 10 ላፕቶፕ ቢገባ ለስድስት ልጅ አንድ ይደርሳል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ መብራት ሳይጠፋ፣ ባትሪ ሳያልቅ፣ በእኩል ቢካፈሉት ለአንዱ ልጅ ሰባት ደቂቃ አይሞላም። በሰባት ደቂቃ፣ ቁልፍ ፍለጋ ላይ ያለ ጣት ከስሙና ከአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይጽፍም። በሌላ በኩል እነዚያው 60 ልጆች በደብተር አንዳንድ ገጽ ቢጽፉና አስተማሪው እያንዳንዱን በአምስት ደቂቃ ቢያርም አምስት ሰዓት ይፈጅበታል። ልጁ መጻፍ የሚማረው ግን ከእርማቱ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አሥሩ ላፕቶፕም አይነካውም።

ማስታወሻ አጻጻፍንም በሚመለከት በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። በላፕቶፕ የጻፉት የተነገረውን ቃል በቃል ሲገለብጡ፣ በእጅ የጻፉት አሳጥረው በራሳቸው አባባል በመጻፋቸው ሐሳቡን በተሻለ ይዘውት ተገኝተዋል። ፈተናውን የደገሙት ሌሎች ልዩነቱን ያን ያህል ጎልቶ አላገኙትምና ብዙም አንደገፍበትም። የእኛው አገር የፕላዝማ ትምህርት ይበልጥ ያስተምራል። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሲጀመር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከቴሌቪዥኑ ይፈስ ነበር፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ሥዕሉ ያልፋል፤ አስተማሪውም ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

እንዲህ ሲባል ግን ላፕቶፕ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። የገበሬው ልጅ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ክፍል ውስጥ ቢያየው ግፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም የሚጨመርበት ልጅ መኖር የለበትም። ቢሆንም ፈተናው መልስ መምረጥ እንጂ ድርሰት መጻፍ አይደለም፤ ለዚህ የሚበቃውን ልምምድ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በተወሰኑ መሣሪያዎች በየተራ መስጠት ይቻላል።

ስለዚህ በቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ሲቀርብ፣ መሪዎች ከዋጋው በፊት ሁለት የተማሪ ደብተር ይምጣልን ቢሉ ይበጃል፤ አንዱ ከሦስተኛ ክፍል፣ አንዱ ከስምንተኛ። በወሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ድርሰት ተጽፏል? ስንቱስ ታርሟል? ያልታረመ ከሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ ለደብተርና ለማንበቢያ መጽሐፍ፣ ለአስተማሪውም ማረሚያ ጊዜ የሚገኝበትን መንገድ ለመክፈት ይዋል። ታርሞ ከተገኘ ደግሞ ወደ ግዢው ይታለፍ፤ የፀሐይ ኃይሉን ማን እንደሚጠብቀው፣ ሲበላሽ ሶዶ ድረስ ወስዶ ለማስጠገን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ክረምት ት/ቤቱ ሲዘጋም የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቆይ በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።