ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ የሚደረግ የመዋጮ ቅናሽ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በየወሩ መጨረሻ በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ የሚፈርም ሰው ሁሉ የተመደበለት ደመወዝና በእጁ የሚገባው ገንዘብ አንድ አለመሆናቸውን ያውቃል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ለጡረታ የሚከፍለው 7 በመቶ ነው፤ ደመወዙ ቢያንስም ቢበዛም መጠኑ አይለወጥም። መዋጮው እንደ ደመወዙ ማነስ እየቀነሰ የሚሄድበት ሥርዓት ግን በሌላ አገር አለ። ዛሬ የምንመለከተው የጀርመንን ሥርዓት ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጀርመን ሠራተኛው ለጡረታ፥ ለሕክምና፥ ለሥራ አጥነትና ለአስታማሚ ከደመወዙ አንድ አምስተኛ ያህል ያዋጣል። ደመወዛቸው እጅግ ያነሰ ሠራተኞች ግን ከዚህ ሸክም ነፃ ነበሩ። በ2002 ወሰኑ በወር 325 ዩሮ ነበር። ከዚህ በጥቂት እንኳ የበለጠ ያገኘ ሰው መዋጮውን የሚከፍለው ከጭማሪው ብቻ ሳይሆን ከመላው ደመወዙ ስለ ነበረ፥ 65 ዩሮ ያህል በአንድ ጊዜ ያጣ ነበር። እንግዲህ ደመወዝ ሲጨመርለት ገቢው የሚጎድልበት ሰው ጭማሪውን ቢሸሽ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን ገደል ዳገት ለማድረግ ሚያዝያ 1 ቀን 2003 አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከ400 ዩሮ በላይ እስከ 800 ዩሮ ያለው ደመወዝ የመሸጋገሪያ ክልል ተባለ። ከጥር 2023 ጀምሮ የክልሉ የላይኛው ወሰን 2,000 ዩሮ ሆኗል፤ የታችኛው ወሰን በ2025 ዓመት 556 ዩሮ ነበር።

ስሌቱ ይህ ነው። ከደመወዙ ላይ የታችኛው ወሰን ይቀነሳል፤ የተረፈው በ2,000 ተባዝቶ በሁለቱ ወሰኖች ልዩነት ይካፈላል፤ ይህም ልዩነት በ2025 1,444 ነበር። ለምሳሌ በ2025 ደመወዙ 1,000 ዩሮ የነበረ ሠራተኛ መዋጮውን የከፈለው ከ1,000 ሳይሆን ከ615 ዩሮ ላይ ነበር። የጡረታው ድርሻ 9.3 በመቶ ስለ ሆነ፥ በ93 ዩሮ ፈንታ 57 ዩሮ ያህል ከፈለ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደመወዙ 1,500 ሲሆን መዋጮው ከ1,307 ላይ ይታሰብ ነበር፤ 2,000 ሲደርስ ግን ቅናሹ ያልቃል። አሠሪው በበኩሉ በክልሉ መግቢያ 28 በመቶ ያህል ይከፍላል፤ ደመወዙ ከፍ ሲል ድርሻው ወደ መደበኛው ይወርዳል።

ሆኖም ቅናሹ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በ2025 በክልሉ ውስጥ ለነበረ ሠራተኛ 100 ዩሮ ሲጨመርለት፥ መዋጮ የሚታሰብበት ገንዘብ በ138 ዩሮ ተኩል ያድግ ነበር፤ ስለዚህ ለጡረታ የሚቆረጠው 9.30 ሳይሆን 12.88 ዩሮ ይሆን ነበር። ከታች የተሰጠው እፎይታ ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል ማለት ነው። ቢሆንም ሠራተኛው ከጭማሪው የሚተርፈው ገንዘብ አለ፤ ገቢው ወደ ኋላ አይመለስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የእርጅና ነው። እስከ ሰኔ 2019 ድረስ ሠራተኛው ቅናሹን በጽሑፍ ካልተወ በቀር ጡረታው የሚታሰበው በተቀነሰው ገንዘብ መጠን ነበር። ዛሬ የተረፈለት ገንዘብ በሽምግልናው ጊዜ ይጎድልበት ነበር ማለት ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ወዲህ ግን መዋጮው ቢቀነስም የጡረታ መብቱ በሙሉ ደመወዙ ይመዘገባል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅናሽ የሚመረምር ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ወሰኑን ያለፈ ሠራተኛ ገቢው ይጎድልበታልን? ከእያንዳንዱ ጭማሪ ምን ይቀርለታል? ዛሬ የቀረለትስ መዋጮ ነገ ከጡረታው ይቀነስበታልን? የቅናሹ ጥቅም የሚለካው በመጀመሪያው ወር በእጅ በሚገባው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።