ኪሎ ያልሞላለት ሰባት ቁጥር

እኔ በምኖርባት የአውስትራሊያዋ ብሪስቤን ሰኞ ጠዋት በሥራ ቦታ የሚወራው የቅዳሜና እሑድ ራግቢ ሊግ ነው። አገር ቤት ስደውል ግን ወዳጆቼ «ያ በሞላላ ኳስ የሚደባደቡበት?» ብለው ይስቁብኛል። ድብድብ አይደለም፤ ቢመስልም።

በአንድ ወገን 13 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ተይዞ ሲወድቅ ይነሣና ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው ይሰጣል። ለስድስተኛ ጊዜ ከተያዙ ኳሷ የተጋጣሚ ትሆናለች፤ ስለዚህ ከአምስተኛው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ይመቷታል። የት፣ ወዴት፣ ከፍ አድርጎ ወይስ መሬት ለመሬት? ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚወስነው በተለምዶ ሰባት ቁጥር የሚለብሰው ሰው ነው። ከተጋጣሚ መሥመር ባሻገር ኳሷን መሬት ማስነካት 4 ነጥብ፣ ከዚያ የሚከተለው ምት 2፣ በጨዋታ መሀል በቋሚዎቹ መካከል አሻግሮ መምታት አብዛኛውን ጊዜ 1 ነጥብ ያስገኛል።

ከሰባት ቁጥሮች ሁሉ የምወደው ጆናታን ተርስተንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እዚሁ ብሪስቤን ተወለደ፤ በእናቱ በኩል የጉንጋሪ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። ጎረምሳ ሳለ በቱውምባ ከተማ ሲጫወት ችሎታውን ያዩ መልማዮች ቁመናውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው እየሮጠ ሲመጣበት ያ ቀጭን ልጅ መጋፈጥ አለበት።

በመጨረሻ የሲድኒው ካንተርበሪ ቡልዶግስ ወሰደው፤ በ2002 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ነገር ግን በእሱ ቦታ ብሬንት ሸርዊን፣ አጠገቡም ብሬዝ አናስታ ነበሩ። ሰው የዚህ ሥራ ክፉው ነገር ግጭቱ ይመስለዋል። እኔ ግን ክፉው ጥበቃው ነው ባይ ነኝ፦ ለሁለተኛው ቡድን መጫወት፣ ለዋናው ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሌላው ሲደክም ለጥቂት ደቂቃ መግባት። የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ክለብ ሁሉንም ጎበዝ አቅፎ ማቆየት አይችልም፤ ወጣቱም ወይ ወረፋውን ይጠብቃል ወይ ጓዙን ይሸክፋል።

በ2004 ቡልዶግስ ለፍጻሜ ሲደርስ አምበሉ ስቲቭ ፕራይስ ተጎዳ፤ በተጫዋቾቹ ዝርዝር ውስጥ የተተካው ተርስተን ሆነ። ሲድኒ ሩስተርስን 16 ለ 13 አሸነፉ። ለአሸናፊዎች የሚሰጠው ቀለበት በ21 ዓመቱ እጁ ገባ፤ እሱ ግን ለፕራይስ ሰጠው። ብዙዎች ትሕትና ይሉታል። ለእኔ ኩራትም አለበት፦ የእኔ የምለውን ራሴ አመጣዋለሁ እንደማለት።

በሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮኑን ክለብ ለቆ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ከብሪስቤን ወደ ሰሜን ርቃ ወደምትገኘው ታውንስቪል፣ ወደ ኖርዝ ኩዊንስላንድ ካውቦይስ ሄደ። እስከዚያ ዋንጫ በልቶ የማያውቅ ክለብ ነበር፤ የሰባት ቁጥሩን መለያ ግን ሰጠው። 2005 የእሱ ዓመት ሆነ። ተጫዋቾች ለክለብ ሳይሆን ለግዛታቸው በሚሰለፉበት ውድድር፣ ለኩዊንስላንድ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ ተጋጣሚው ግዛት ኒው ሳውዝ ዌልስ 20 ለ 19 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ነጥብ የምታስገኘዋን ምት መትቶ አቻ አደረጋቸው። በጭማሪው ሰዓት የክለብ ጓደኛው ማት ቦወን የተጋጣሚን ቅብብል ነጥቆ ሮጦ ጨረሰው። ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን ዳሊ ኤም ሜዳሊያም ተርስተን ወሰደ። ካውቦይስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰው በዌስትስ ታይገርስ 30 ለ 16 ተሸነፉ።

ዋንጫው አሥር ዓመት ቆየ። በ2015 ፍጻሜ ከብሪስቤን ብሮንኮስ ጋር 16 ለ 16 ሆነው፣ መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ ተርስተን የመታት የማሸነፊያ ምት ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች። በጭማሪው ሰዓት ደግሞ መታ፤ ያቺ ገባች፣ 17 ለ 16።