ብርጭቆ የማያግደው ኮረንቲ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1891 ኒኮላ ቴስላ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ለተሰበሰቡ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በአንድ ሽቦ ብቻ የሚበራ አምፖል አሳየ። አየሩ የተመጠጠለት የብርጭቆ ኳስ፣ መሐሉ ላይ አንዲት የካርቦን ቁራጭ፣ ሌላ ምንም የለም። አምፖል መግቢያና መውጫ ሽቦ እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ ኮረንቲው በየት በኩል ተመለሰ?

ምስጢሩ ድግግሞሹ ላይ ነበር። ውስጥ ያለው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የካርቦኗ ቁራጭ፣ እና ውጭ ያለው አካባቢ ወይም የተጠጋ እጅ፣ ብርጭቆው በመሐላቸው ሆኖ፣ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ይሠራሉ። ካፓሲተር ዲሲን ያግዳል፤ ኤሲን ግን ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር አብዝቶ ያሳልፋል። ቮልቴጁ እኩል ቢሆን እንኳ በ30,000 ሄርዝ የሚያልፈው ኮረንቲ፣ በእኛ ሶኬት 50 ሄርዝ ከሚያልፈው 600 እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ይህ ኮረንቲ ሰውን ለምን አይጥልም? በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ሐኪሙና የፊዚክስ ሊቁ አርሴን ዳርሶንቫል ጡንቻ ለተለያየ ድግግሞሽ እንዴት እንደሚመልስ ይመረምር ነበር። ድግግሞሹ ከጥቂት ሺህ ሄርዝ ሲያልፍ የጡንቻው መኮማተር እየደከመ መሄዱን አየ። ነርቭ ያን ያህል ፈጣን ለውጥ መከተል ያቅተዋል። ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ኮረንቲው በቆዳ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ነው» ይላል። ስህተት ነው። በ30,000 ሄርዝ ኮረንቲ ወደ ሥጋ የሚዘልቅበት ጥልቀት በሜትር የሚለካ ስለሆነ ውስጥ ድረስ ይገባል። ነርቭን ባይቀሰቅስም ያሞቃል፤ መጠኑ ሲበዛም ያቃጥላል።

በዚሁ መንገድ የሚሠራው የፕላዝማ ሉል፣ ማለትም ውስጡ የብርሃን ክሮች የሚጥመለመሉበት የብርጭቆ ኳስ፣ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የኤምአይቲ ተማሪ የነበረው ቢል ፓርከር በሙከራ መሣሪያው ውስጥ ኒዮንና አርገን ጋዝ ሲሞላ ግፊቱ ካሰበው በላይ ሆነ። በመሣሪያው ውስጥ የተበተነ ጭጋግ ሳይሆን የሚጥመለመሉ የብርሃን ክሮች ታዩት።

እነዚያን ክሮች ቤቱ ሊያይ የሚፈልግ ሰው ጋዝ መሙላት ሳያስፈልገው በአንድ ትልቅ ጥርት ያለ አምፖል መጀመር ይችላል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ብርሃን ከፊላመንቱ ተነስቶ ጣት ወደተጠጋበት ይሳባል። ከባዱ ምርጫ የኃይል ምንጩ ነው።

የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር በቀላሉ ይገኛል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። 2,000 ቮልት ገደማ፣ ግማሽ አምፔርና ከዚያ በላይ፣ በ50 ሄርዝ ይሰጣል። ይህ ልብን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው፤ በእንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ለማቃጠል ሲጠቀሙበት የሞቱ ብዙ ናቸው። የድሮው የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመርም 15,000 ቮልትና 30 ሚሊአምፔር ሊደርስ ይችላል፤ እሱም ይገድላል። ሁለቱም የሚሰጡት 50 ሄርዝ ብርጭቆውን እንደሚገባ አያልፍም። ለሰው አደገኛ የሆኑት ለሉሉም የማይረቡ ሆነው ተገኙ!

የሚቀረው በከፍተኛ ድግግሞሽ የሚሠራው የድሮ ቴሌቪዥን ፍላይባክ ትራንስፎርመር ነው። እዚህም ወጥመድ አለ፤ አዳዲሶቹ ውስጣቸው ዳዮድ ስላለ የሚያወጡት ዲሲ ነው። ዲሲ ደግሞ ብርጭቆው ላይ ተጠራቅሞ ይቆማል። የሚፈለገው ዳዮድ የሌለው ነው። እሱንም ከሶኬት በቀጥታ ሳይሆን፣ ከመስመሩ የተነጠለ 12 ቮልት በሚሰጥ ጤነኛ አዳፕተርና ፊውዝ ባለው ትንሽ ኦሲሌተር ማንቀሳቀስ ያሻል። አዳፕተሩ ጥቂት ዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ብርጭቆው ቢሰበር እንኳ ጉዳቱ ይወሰናል። ይህን ሁሉ ማሟላት ላልቻለ ከተሰበረ የፋብሪካ ሉል የተፈታ ሰርኪት ይሻለዋል፤ ለዚሁ ሥራ ተለክቶ የተሠራ ነውና። ፍላይባኩን ከቴሌቪዥን የሚፈታ ግን ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ስክሪኑ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ እንደሚቆይ ይወቅና በባለሙያ ያስፈታ።

የተስተካከለ ሉልም ቢሆን ሳንቲም ወይም ፎይል አይቀመጥበትም። ብረቱ ኮረንቲውን ሰብስቦ በአንዲት ነጥብ ወደ ጣት ይተኩሰዋል፤ ቆዳ ላይ ትንሽ ነጭ ቃጠሎ ይቀራል፣ የኦዞን ሽታም ይመጣል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አይጠጋ። ከማይክሮዌቭ የተፈታ ትራንስፎርመር እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ እባካችሁ ለዚህ ሥራ አታውሉት።