ዲስኩ ማንኳኳት ሲጀምር ከጥገናው በፊት ሰነዱ ይውጣ

የሒሳብ መዝገብ፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር፣ የዕቃ ቆጠራና የጨረታ ሰነድ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተጠቃልለው የሚቀመጡባቸው አነስተኛ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። ይህ ላፕቶፕ አንድ ቀን ጠዋት ለመከፈት ሩብ ሰዓት ሲፈጅ ወይም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ደጋግሞ እያጠፋ ያበራል፤ ወይ ወደ ጠጋኝ ወስዶ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። በሁለቱም መንገድ ሊተርፍ ይችል የነበረ ሰነድ ሊጠፋ ይችላል።

አዲስ ዲስክ በገበያ ላይ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጣል። የሦስት ዓመት የዱቤ መዝገብ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ ሰነዱን ማውጣት ነው፤ ምርመራው ቀጥሎ ይመጣል፤ የግዢ ውሳኔ የመጨረሻው ነው።

የብልሽቱ መነሻ

በአብዛኞቹ የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ጽሑፉን የሚያነበው ራስ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት ላይ ተንሳፎ ይሠራል። ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ወይም በኃይል ቢመታ ራሱ ሳህኑን ሊቧጭር ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም መብራት በሄደ ቁጥር በድንገት ስለሚጠፋ፣ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አያንኳኳም። ይሁን እንጂ እሱም ይሞታል። አንዳንዱ ማንበብ ብቻ ፈቅዶ አልጽፍም ይላል፤ ሌላው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከኮምፒዩተሩ ይሰወራል።

ሰነዱን ማውጣት

ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም የሚቧጭር ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ጭረቱን ያሰፋዋል። እንዲህ ያለው ዲስክ ውስጥ ያለው ሰነድ ውድ ከሆነ፣ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ ዲስክ ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በተራ ጠረጴዛ ላይ መክፈትም ሆነ አንዳንዶች እንደሚያወሩት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ጉዳቱን ያባብሳል።

ድምፅ ሳይኖረው የሚዘገይ፣ ፋይል ሲከፈት የሚቆም ወይም ሰማያዊ ገጽ እያሳየ የሚጠፋ ዲስክ ከሆነ ግን ለመቅዳት ጊዜ አለ። በቅድሚያ የሒሳብ ፋይሎችን፣ ቀጥሎ ደብዳቤዎችንና ውሎችን፣ በመጨረሻም ፎቶዎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ እንደገና ሊጫኑ ስለሚችሉ በእነሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። አንድ ፋይል አልገለበጥ ካለ ዘሎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል።

ላፕቶፑ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ማስነሳት ወይም ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ መቀጠያ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ይቻላል። ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ከገለበጠ በኋላ ወደ ተበላሸው ስለሚመለስ፣ ለታመመ ዲስክ ከተራው ቅጂ ይመረጣል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ስለሚሆን፣ ባለቤቱ ባለ 48 አሃዙ የመክፈቻ ቁጥር የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ምርመራው

መዘግየት ሁሉ የዲስክ በሽታ አይደለም። የማስታወሻ ማነስ፣ ቫይረስ ወይም የላላ ኬብልም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። የሚለየው ዲስኩ ራሱ ስለ ጤንነቱ በሚይዘው ስማርት በተባለ መዝገብ ነው። ይህንንም ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያነበዋል።

ከሚታዩት ረድፎች መካከል ለባለቤቱ የሚጠቅሙት አራት ናቸው። ቁጥር 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን የዲስኩ ክፍሎች ብዛት ይነግራል። ሲ5 ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ በዲስኩ ፍተሻ ሊነበቡ ያልቻሉትን ያሳያል። እነዚህ ሦስቱ ዜሮ ሲሆኑ መልካም ነው፤ ከሳምንት ሳምንት ከጨመሩ ዲስኩ እየሄደ ነው። ሲ7 ብቻውን የሚጨምር ከሆነ ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ወይም መገናኛው ነው። ፕሮግራሙ ካልተቀየረ በስተቀር ቁጥሮቹን የሚጽፈው በአሥራ ስድስት ቤት ስሌት ስለሆነ «10» የሚለው 16 ማለት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያውን ስህተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት 39 እጥፍ መሆኑን አመልክተዋል። በዚያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች መካከል ከ56 በመቶ የሚበልጡት ከዋና ዋናዎቹ አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። ስለዚህ መጥፎ ምልክት ሊታመን ይገባዋል፤ የመልካም ምልክት ግን ዋስትና አይሆንም።

ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ መፈተሻ ሙሉውን ዲስክ እንዲያነብ ሲታዘዝ የታመመውን ዲስክ ለሰዓታት ስለሚያደክመው፣ ሰነዱ ከመገልበጡ በፊት ባይነካ ይመረጣል።

ከመግዛት በፊት

ዲስኩ መሞቱ ከተረጋገጠ ላፕቶፑን በሙሉ መለወጥ ግዴታ አይደለም። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ የያዘ ላፕቶፕ በዚያው ቦታ ኤስኤስዲ ሊገባለት ይችላል፤ የቆየ ማሽንም በዚህ ለውጥ ብዙ ይፈጥናል። ቀጭኑ ኤም.2 ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ፣ ላፕቶፑ የሚቀበለው ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ ሳይጣራ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ዲስክ የሚገዛ ሰው ሻጩ ፊት ስማርቱን ከፍቶ የሠራበትን ሰዓት ቢያይ ይጠቀማል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሠራ ዲስክ በዓመት 2,400 ሰዓት ይቆጥራል። 20,000 ሰዓት የሚል ዲስክ እንግዲህ ከስምንት ዓመት በላይ በሥራ ላይ የዋለ ያህል ነው። ከገበያ ከሚገባ ገደማ በርካሽ የተገዛ ትልቅ ፍላሽም የተጻፈበትን ያህል ላይዝ ስለሚችል፣ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ሳይፈተን ሰነድ አይታመንበትም። አሮጌውን ዲስክ ለመሸጥ የሚያስብ ደግሞ በፈጣን ፎርማት የጠፋ የሚመስለው ሰነድ በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል ይወቅ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው ሰነዱ በአንድ ቦታ ብቻ በመቀመጡ ነው። ቅዳሜ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት የሳምንቱን ሒሳብ በሁለት ዲስኮች ገልብጦ አንዱን ቤት መውሰድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን ልማድ ያደረገ ነጋዴ ዲስኩ ሲያንኳኳ የሚያወጣው የዲስኩን ዋጋ ብቻ ነው።